የፉርጓችን ታኮ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ጅጅጋ ውስጥ በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የደንበኞችን ልክ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ደንበኛ ሲያናግረኝ የምመልሰው ለሰውየው ሳይሆን ለሜትሩ ነው እያለች አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትስቅብኛለች። ይህን ነገር ግን ለማን እንደምነግረው አላወቅኩም፣ ዝም ብዬ መያዙንም አልቻልኩም፤ ስለዚህ የልክ መመዝገቢያውን ደብተር ገልብጬ ከኋላ በኩል ጀመርኩት።

ነገሩ የአንድ እንጨት ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቁር እንጨት አለ፤ በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ወገን እየሳሳ የሚሄድ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ። ሾፌሮች ዳገት ላይ ሲቆሙ ጎማ ስር የሚያስገቡት ዓይነት ታኮ ነው፤ የእኛው ግን የመኪና ሳይሆን የባቡር ነው። ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝናብ ጥሎ በበሩ ስር ውኃ ሲገባና እርጥበት ሲነካው ግን ይሸታል፤ የአሮጌ ግራሶ፣ የጋለ ብረትና የአቧራ ሽታ። ባለፈው ሳምንት ጅጅጋ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት በሩን ስከፍት ይህ ሽታ ተቀበለኝ፣ መጥረጊያውን እንደያዝኩ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ያ ሽታ የአዲጋላ ሽታ ነው። አዲጋላ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሲወረድ ሽንሌን አልፎ የምትገኝ የባቡር ጣቢያ ናት፤ ጥቁር ድንጋይና እሾህ የበዛባት፣ ፀሐይዋ እንግዳ የማታከብር ትንሽ ከተማ። አባቴ እዚያ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ድጅኖና መዶሻ ይዞ ብሎን ሲያጠብቅና ጠጠር ሲጠቀጥቅ ይውላል። እናቴ ባቡር በመጣ ቁጥር የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ ይዛ ከመስኮት መስኮት ትሮጣለች። የምንኖረው ከጣቢያው ራቅ ብሎ፣ በጎን ሐዲድ ላይ በቆመ፣ ከአገልግሎት በወጣ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ለአባቴ «ቤት እስክታገኝ» ብሎ ፈቀደለት፤ ቤቱ ሳይገኝ እኔ ስድስት ዓመት ሞላኝ።

ጣሪያው ብረት፣ ግድግዳው ብረት፣ በቀን እጅ ሲነካው የሚልጥ። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ ይመጣል፣ ፊታችንን የምንታጠበው ሦስታችንም በአንድ ኩባያ ነው። የአቧራው ነፋስ ሲነሳ ሩዙም፣ ፍራሹም፣ ጥርሳችንም አሸዋ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሁን ሳስበው ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ፉርጎ ውስጥ እንደምንኖር አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ፉርጎ ውስጥ እንደምንጓዝ ነው።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ገና ሳይገባ የፉርጎውን በር በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል። የመነሻ ደወል ነው። ከክብሪት ቤት ካርቶን የተቆረጠ ትኬት ያድለንና፣ መብሻ ስለሌለው ጠርዙን በጥርሱ ነክሶ ይመልስልናል። እናቴ ትኬቷን ተቀብላ ዙሪያውን ትቃኝና «ጌታው፣ እኔ የቆረጥኩት የመስኮት ወንበር ነው» ትለዋለች። መስኮት የለንም። አባቴ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እመቤቴ፣ መስኮቱ ለጥገና ሄዷል፤ ሲመለስ እናሳውቅዎታለን» ይላታል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር እንደ አዲስ እስቃለሁ፣ መስኮቱ ግን አንድ ቀን እንደሚመለስ ከልቤ አምን ነበር።

ከዚያ ጉዞ ነው። ሙቀቱ ሲያይልብኝ «በረሃውን እያቋረጥን ነው፣ ባሕሩ ሊደርስ ነው» ይሉኝና እናቴ ሻሿን በጥቂት ውኃ ነክራ ከራሴ በላይ ታሽከረክረዋለች፤ ያ የጅቡቲ ባሕር ነፋስ ነው። የአቧራው ነፋስ ሲመጣ «ዋሻ ገባን» ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ ጨለማ ይሆናል፣ አባቴ በአፉ እንደ ባቡር ይጮኻል፣ አቧራው እስኪያልፍ ድረስ እየቆጠርን ከዋሻው እንወጣለን። የሚበላ ያልነበረ ቀን ደግሞ «ምግብ ቤት ያለው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። ቀጣዩን ጣቢያ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጠዋት ስነሳ አባቴ «ደርሰን ነበርኮ፤ ቀሰቀስንሽ፣ እምቢ አልሽ። ዶሮ ነበር፣ ያንቺንም እኛ በላንልሽ» ይለኛል። በዚህ ነገር ስንት ቀን አኩርፌያቸው አውቃለሁ። ያለ እኔ ዶሮ ስለበሉ እናትና አባቴን ግማሽ ቀን አላናግራቸውም ነበር፤ እነሱም ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። ላልበሉት ዶሮ።

«የት ደረስን?» ስል አባቴ ሁልጊዜ መልስ አለው። አንድ ተራራ ነው የቀረን። አንድ ድልድይ ነው የቀረን። ባሕሩ አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም፣ እኔም አንድም ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልዩ ነበር። ቅዳሜ ፉርጎው በእውነት ይንቀሳቀሳል። አባቴ ከጎማው ስር ታኮውን ያወጣና ድጅኖውን ከጎማው ኋላ ሐዲዱ ላይ አስደግፎ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ብረቱ ያቃስታል፣ ወለሉ ከስሬ ይንሸራተታል፣ ቤታችን አንድ ስንዝር ይሄዳል። ከዚያ ታኮውን መልሶ ይሸጉጣል። ሐዲድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ባዶ ፉርጎ ሲያስጠጉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ልጁን ለማስደሰት ያደረገው ግን እሱ ብቻ ይመስለኛል። ያቺ አንድ ስንዝር ለእኔ የሳምንቱ ሁሉ ማረጋገጫ ነበረች። ጎረቤት ልጆች «ቤታችሁ ቆሟል» ሲሉኝ «ቅዳሜ ኑና እዩ» እላቸዋለሁ።

በሕይወቴ ከሁሉ የተደሰትኩበት ቀን የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ ሳላስብ የምመልሰው ከእነዚያ ቅዳሜዎች አንዱን ነበር። ትኩሳት ይዞኝ ሰንብቶ የለቀቀኝ ጊዜ ነው። አባቴ በድጅኖው አንድ ጊዜ ገፋ፣ «ጨምር አባዬ» አልኩት፣ ደግሞ ገፋ፣ «ጨምር» አልኩት፣ ደግሞ ገፋ። ከዚያ ጓደኞቹ ከሩቅ ጠሩት፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ተቃርቦ ነበር። «ተሳፋሪ፣ ከቦታሽ እንዳትነሺ» ብሎኝ ሄደ። እኔ በተከፈተው በር አጠገብ፣ በሩዝ ጆንያው ላይ፣ ትኬቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ፉርጎው ማንም ሳይገፋው መሄድ ጀመረ።

አልደነገጥኩም። ለምን እደነግጣለሁ? መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ የግራር ዛፎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አለፉ፣ እውነተኛ ነፋስ ፊቴን መታው፣ ፍየሎች ከሐዲዱ ላይ ተበተኑ። እናቴ ከጣቢያው በኩል እየሮጠች መጣች። ከበሩ ትይዩ ደርሳ ከፉርጎው ጋር ስትሮጥ አየኋት፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሻሿ ወልቆ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀች። እጄን አወዛወዝኩላት። «እማዬ፣ ትኬትሽን አምጪ» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ከበሩ ወደ ጎማው በኩል ጎንበስ ብላ ተሰወረችብኝ። ፉርጎው አንድ ጊዜ ዘለለ፣ እኔ ከጆንያው ወደቅኩ፣ ቆመ።

ስነሳ አባቴ በሩ ላይ ነበር። አፍሶ አነሳኝና በመዳፉ ዓይኔን ሸፈነው። «ደርሰናል» አለኝ። «ባሕሩ ነው፤ ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል፣ እንዳትገልጪ።» እንደ ጨፈንኩ ተሸክሞኝ ሮጠ። ፊቴን ፊቱ ላይ ሳደርግ ጨው ቀመስኩ፤ እውነትም ባሕር ነው አልኩ። «እማዬስ?» ስለው «እጇን ባሕሩ ውስጥ ልትታጠብ ወርዳለች» አለኝ።

እናቴ ከባሕሩ የተመለሰችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቀኝ እጇ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ጨርቁ ሲፈታ ሁለት ጣት የለም። ዓሣ ወሰዳቸው አለችኝ። እጇን ስትታጠብ አንድ ትልቅ ዓሣ መጥቶ «ከእነዚህ ሁለቱን ለልጆቼ ስጪኝ» ብሎ ለመናት፣ አሳዘናት፣ ሰጠችው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እኔም አመንኩ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የቆርቆሮ ሰርዲን ሲከፈት የእናቴን ጣት አገኛለሁ ብዬ አልበላም ነበር። ካደግኩ በኋላ ዓሣ እንዳልሆነ ገባኝ፣ በሽታ ወይም የወፍጮ ማሽን ነው ብዬ ለራሴ ደመደምኩ፤ ጠይቄ ግን አላውቅም። በእኛ ቤት አንድ ተረት ከተነገረ በኋላ ማን ነው መልሶ የሚያነሳው?

ወደ ፉርጎው አልተመለስንም። «ጉዞው አለቀ፣ ተሳፋሪ ውረዱ» አለኝ አባቴ፤ እኔም ባሕሩን ሳላየው ስለወረድኩ ትንሽ ከፋኝ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ከአንዲት ወተት ሻጭ ግቢ አንዲት ክፍል ተጠጋን። ኤዶ ሳዳ እላት ነበር፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ቆይተን ሽንሌ፣ ከዚያም ባቡሩ መምጣት ሲያቆም ጅጅጋ ገባን። አባቴ በየግንባታው የቀን ሥራ ሠራ፣ እናቴ በቀረላት ጣት ሳምቡሳ እየጠቀለለች ሸጠች፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ስፌት ጀመርኩ። ከአዲጋላ ይዘነው የመጣነው ዕቃ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ድስትና ያ ታኮ ነው።

አባቴ ጅጅጋ ውስጥ ጎማ በሌለው የጭቃ ቤት ውስጥ በየምሽቱ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ታኮውን ከበሩ ስር ይሸጉጠዋል። ሸጉጦ በእግሩ ሁለት ጊዜ ይመታዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይነካዋል። ተኝቶ እንኳ «ሰኒ፣ ታኮው አለ?» ይላል፤ ሰናይት ነው ስሜ፣ ሰኒ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። «አለ አባዬ» እለዋለሁ። የተከራየንበት ግቢ ሰዎች «ጋሽ ጌታቸው፣ ቤቱ እንዳያመልጥብዎት» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይስቃል። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የቀረችን ይህች ናት፣ አባቴ እስከ እርጅናው ያልተዋት ለእኔ ብሎ ነው ብዬ አስብ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲያ ነው ያሰብኩት።

ዘንድሮ አባቴ አረፈ። የአርባው ዕለት ኤዶ ሳዳ ይህን ሁሉ መንገድ ከአዲጋላ መጣች። ወገቧ ጎብጧል፣ ድምጿ ግን ያው ነው። ሰው ገባ ወጣ ስለሚል በሩ እንዳይዘጋ ታኮውን አስደግፌበት ነበር። ልትገባ ስትል አየችውና እግሯን መለሰች።

«አስካለ» አለቻት እናቴን፣ «ይህን እንጨት እስካሁን አልጣልሽውም?»

«እሱ አላስጣለኝም» አለች እናቴ።

እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። እንግዳዋ ቅር እንዳይላት ብዬ፣ ከስንት አንዴ አፌን ከፈትኩ። «የአባዬ የጨዋታ ታኮ ነው ኤዶ፤ ፉርጎ ውስጥ ስንጫወት የነበረው።»

ኤዶ ሳዳ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እናቴ አየች። «ጨዋታ ነው የምትለው? ወላሂ፣ ይቺ ልጅ አታውቅም?»

«ሳዳ፣ ሻይሽ ይቀዘቅዛል» አለች እናቴ።

«ይቀዝቅዝ። ሰውየው ሞቷል፣ ልጅቷ አድጋለች፣ ከእንግዲህ ለማን ነው የምትደብቂው?» ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ወተቴን ይዤ ጣቢያው ላይ ነበርኩ። እናትሽ እንቁላሏን መሬት ላይ በትና ስትሮጥ አየኋት። ባቡሩ የሚመጣው በዚህ ነው፣ እሷ የምትሮጠው በዚያ። አበደች አልኩ። ዞር ስል ቤታችሁ ይሄዳል። በዕድሜዬ ቤት ሲሄድ አይቼ አላውቅም። የሚሄደው ደግሞ ቁልቁል ሐዲዶቹ ወደሚገጥሙበት ነው፣ በትልቁ ሐዲድ ላይ ያ ባቡር እየጮኸ ይመጣል። አባትሽ ታኮውን መልሻለሁ ብሎ ነው የሄደው። እጄ መመለሱን ያስታውሳል እያለ ሲምል ነበር። እንጨቱ ግን ጠጠሩ ላይ ወድቋል።»

ኤዶ ሳዳ በጣቷ በሩ ስር ወዳለው ታኮ አመለከተች።

«እናትሽ እንጨቱን አንስታ ከጎማው ስር ወረወረችው፣ ጎማው ተፋው። እንደገና ወረወረችው፣ ተፋው። ሦስተኛ ጊዜ አልወረወረችም። በእጇ ይዛ አስገባችው፣ ጎማው እስኪወጣበት ድረስ አለቀቀችም። እጇን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ በጋርባሳሬ፣ በዚህ ትከሻዬ ላይ በምጥለው ዓይነት። ያ ባቡር ነው ድሬዳዋ ሐኪም ቤት የወሰዳት። አንቺ ብቻ ነሽ ያን ቀን የሳቅሽው።»

ትሪውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል ይባላል፤ እኔ ያደረግኩት የእናቴን እጅ ማየት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት እጅ ነው፤ ፀጉሬን ሠርቶልኛል፣ ሳምቡሳ አጉርሶኛል። እንደ አዲስ አየሁት። እናቴ እጇን በነጠላዋ ስር አስገባችው፣ እንደተሰረቀ ዕቃ።

እንግዳው ሁሉ ሲሄድ፣ ዕቃ ስናጥብ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ሌላው ሁሉ ገብቶኛል፣ ያ ዶሮ ሳይቀር፤ አንዱ ግን አልገባኝም። በትዝታዬ ውስጥ እየሮጠች ትስቃለች። አሁን ሳስበው ሳቅ ሊሆን አይችልም፤ ልጅ ሆኜ ነው የተሳሳትኩት፣ እያለቀሰች ወይም እየጮኸች ይሆናል አልኳት።

«አልተሳሳትሽም» አለች፣ ቀና ሳትል። «ስቄልሽ ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ፊቴን አይተሽ ከደነገጥሽ ትዘልያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ደግሞ ትኬት አምጪ ትይኛለሽ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። አንድ ቀን ብቻ በእውነት ደስተኛ ነበርኩ ብል ያ ቀን ነበር፤ ያን ቀን ከእኔ መውሰድ አልፈለጉምና ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸከሙልኝ። የጠፋብኝን ስቆጥር ፉርጎው አይቆጨኝም፤ ኤዶ እንደነገረችኝ እሱም ከቆመበት ከተነሳ ቆይቷል። ባሕሩንም እስከ ዛሬ አላየሁትም፣ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያ ምሽት ምሽት የሚመጣው ጥያቄ ነው። አባቴ «ታኮው አለ?» ሲለኝ የሚጫወት መስሎኝ ነበር። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ያቺን ቅዳሜ መልሶ እየኖራት ነበር፤ እኔም በየምሽቱ እየሳቅኩ «አለ አባዬ» እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ኮስተር ብዬ፣ ተነስቼ፣ በእጄ ነክቼ አልነገርኩትም።

የሞተ ዕለት ጠዋት ሐኪም ቤት አጠገቡ ነበርኩ። ሾርባ ላመጣለት ስነሳ ክንዴን ያዘኝ፣ አንገቱን በግድ ቀና አድርጎ ከአልጋው ጠርዝ ቁልቁል የአልጋውን እግር ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ አንድ ነገር አለኝ። እኔ ሳቅኩ። ቀልድ ጀምሯል፣ ሊሻለው ነው ብዬ፣ ሰው የማላናግረው ሴት ኮሪደሩ ላይ ላገኘኋት ነርስ ሳይቀር እየሳቅኩ ነገርኳት። ሾርባውን ይዤ ስመለስ አልደረስኩበትም። ያለኝ ይህን ነበር፦

«ሰኒ፣ ይሄ አልጋ ጎማ አለው። ሳትሄጂ ታኮ አድርጊበት።»